ዲጂታል አገልግሎትና የአዲስ አበባ ኑሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ስለ ዲጂታል ክፍያ፣ ስለ መታወቂያ፣ ስለ ትራንስፖርትና ስለ ወረዳ አገልግሎት ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች።

1. ስማርት ስልክ የሌለው ሰው በቴሌብር መጠቀም ይችላል?

ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር በመተግበሪያ ብቻ ሳይወሰን በተራ የእጅ ስልክም እንዲሠራ አድርጎ ነው ያቀረበው። ኮከብ 127 መሰላል ደውሎ የሚመጣውን ዝርዝር በቁጥር እየመረጡ ገንዘብ መላክ፣ ቀሪ ሒሳብ ማየት፣ የአየር ሰዓት መሙላትና ክፍያ መፈጸም ይቻላል፤ ለዚህም የኢንተርኔት ግንኙነት አያስፈልግም። ገንዘብ ማስገባትና ማውጣት የሚቻለው በየሰፈሩ ባሉ ወኪሎች ዘንድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሳፋሪኮም በኩል የሚሰጠው ኤምፔሳም ተቀራራቢ አሠራር አለው።

ሰውን በይበልጥ የሚያስቸግረው የስልኩ ዓይነት ሳይሆን ንባቡ ነው። ማንበብ የማይችሉ ወይም ዐይናቸው የደከመ እናቶችና አባቶች ስልካቸውን ለባለሱቁ አቀብለው የምስጢር ቁጥራቸውን ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብለው ሲናገሩ መስማት የተለመደ ነው። ቁጥሩን የሰማ ሰው ገንዘቡን እንደ ባለቤቱ ሊያዝበት ስለሚችል፣ በቤተሰብ ውስጥ አንድ የታመነ ሰው ለዚህ ጉዳይ ቢመደብና ቁጥሩም በየጊዜው ቢቀየር ይመረጣል።

2. «ከባንክ ነው የምንደውለው» የሚል ሰው ሲደውል ምን ማድረግ ይገባል?

ስልኩን መዝጋት። ባንክም ሆነ ቴሌ የደንበኛውን የምስጢር ቁጥር ወይም በመልእክት የተላከለትን ማረጋገጫ ቁጥር በስልክ አይጠይቅም። አጭበርባሪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ሁለት መንገድ ነው፦ አንደኛው «ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው» ወይም «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ማጣደፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ገንዘብ የገባ የሚመስል የሐሰት መልእክት ልኮ «በስሕተት የላክሁት ነው፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» ብሎ መለመን ነው። ሁለተኛው የሚይዘው በተለይ ቅን ሰዎችን ነው። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ከአገልግሎቱ አጭር ቁጥር ይሁን ከግለሰብ ስልክ የተላከ መሆኑን ማየትና፣ ከምንም በፊት ቀሪ ሒሳብን በራስ እጅ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሒሳቡ ካልጨመረ የሚመለስ ገንዘብ የለም።

3. ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ የማይሸጠው ለምንድን ነው?

ነገሩ የተጀመረው ከድጎማ ነው። መንግሥት ለሁሉም ተሽከርካሪ እኩል ይሰጥ የነበረውን የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲያነሣ፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ግን ድጎማው ለጊዜው እንዲቀጥል ወሰነ። ማደያው ላይ የቆመው ሚኒባስ ድጎማ የሚገባው ይሁን አይሁን የሚታወቀው ታርጋው አስቀድሞ ተመዝግቦ ክፍያው በዚያው ምዝገባ በኩል ሲያልፍ ብቻ ስለሆነ፣ ቴሌብር ለዚህ ሥራ ተመረጠ። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባ ለሁሉም ተሽከርካሪ በዲጂታል መክፈል ግዴታ ሆነ፤ ከዚያም አሠራሩ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ተስፋፋ።

በእኛ እይታ ዲጂታል አሠራሩ ከዓላማው ጋር በግልጽ የሚገጥመው እንዲህ ባለው ጉዳይ ነው፤ ድጎማን ለይቶ መስጠት በደረሰኝና በወረቀት መዝገብ ሊሳካ አይችልም ነበር። ክፍያው ስለሚመዘገብም ከየማደያው የወጣው ነዳጅ ወዴት እንደሄደ ለመከታተል ይረዳል። ይሁን እንጂ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ሰልፉ ወደ ዋናው መንገድ እየወጣ ትራፊኩን ይዘጋል፤ ነዳጅ ቀጂውም ሆነ አሽከርካሪው በዚያ ሰዓት ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር የለም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚሆን፣ አስቀድሞ የታወቀ አማራጭ የክፍያ ሥርዓት በየማደያው ሊኖር በተገባ ነበር።

4. ፋይዳ ከቀበሌ መታወቂያ በምን ይለያል?

ዛሬም በልማድ የቀበሌ መታወቂያ የምንለው ሰነድ የሚመሰክረው ሰውየው የአንድ ወረዳ ነዋሪ መሆኑን ነው። ፋይዳ ግን ሰውየው ማን እንደሆነ ብቻ ያረጋግጣል። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ የሚሰጥ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ሲሆን፣ በምዝገባው ወቅት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታና አድራሻ ይመዘገባል፤ የፊት ፎቶ፣ የአሥር ጣት አሻራና የዐይን አይሪስ ምስልም ይወሰዳል። ብሔርና ሃይማኖት አይጠየቅም። ምዝገባው በነፃ ሲሆን ክፍያ የሚኖረው የታተመ ካርድ ለሚፈልግ ሰው ነው። ሥርዓቱ የተገነባው በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም በተሠራው ሞሲፕ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው።

ልዩነቱ በተግባር የሚሰማው ከሌላ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ ለመጣ ሰው ነው። ከነበረበት ቀበሌ መሸኛ ያላመጣ ሰው በከተማው የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል፤ በፋይዳ ለመመዝገብ ግን መሸኛ የግድ አይደለም፣ ሰነድ የሌለውም በምስክር ሊመዘገብ የሚችልበት መንገድ አለ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ስለሆነ፣ ይህ ለቀን ሠራተኛውና ለቤት ሠራተኛዋ ትልቅ ነገር ነው። በአንጻሩ ነዋሪነትን መሠረት ያደረጉ የወረዳ አገልግሎቶች በፋይዳ ብቻ አይገኙም፤ «ፋይዳ አለኝ እኮ» ብሎ ከመስኮቱ ጋር መከራከርም ውጤት የለውም።

5. የጣት አሻራዬ አልነበብ ቢልስ?

ይህ የሚያጋጥመው በአብዛኛው በእጃቸው ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ሲሚንቶና ኖራ የሚነካ ግንበኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ ለዓመታት ምጣድ ላይ የቆየች እንጀራ ጋጋሪ፣ እንዲሁም በዕድሜ የገፉ ሰዎች የጣታቸው መስመር ስለሚደበዝዝ ማንበቢያው በቀላሉ ላይለያቸው ይችላል። የፋይዳ ምዝገባ ከአሻራ በተጨማሪ አይሪስንና ፊትን የሚወስድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አንዱ ባይሠራ በሌላው ማረጋገጥ ይቻላል። ስለዚህ በምዝገባም ሆነ በአገልግሎት ጊዜ አሻራው እምቢ ካለ በሌላ መንገድ እንዲረጋገጥ መጠየቅ ይገባል። እጅን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅና ጥቂት ቅባት መቀባትም አንዳንድ ጊዜ ይረዳል።

ጥያቄው በሌላ አገር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 አድሀር ስለተባለው ብሔራዊ መታወቂያ በሰጠው ውሳኔ ሥርዓቱን ቢያጸናም፣ ማረጋገጫው በመሣሪያው ስላልተሳካ ብቻ የሚገባውን ድጋፍ የተከለከለ ሰው እንዳይኖር አሳስቧል፤ የግል ድርጅቶች መታወቂያውን በግዴታ እንዲጠይቁ ይፈቅድ የነበረውንም ድንጋጌ ሽሯል። ለኛም የሚሻለው መርሕ ይህ ይመስለናል፦ ማሽኑ ያልለየው ሰው ማንነቱን በሰው ፊት የሚያስረዳበት መስኮት በየተቋሙ ሊኖር ይገባል።

6. ራይድና ፈረስን የመሳሰሉ የጥሪ ታክሲዎች ለከተማው ምን ጠቀሙ?

ከእነሱ በፊት ሰማያዊና ነጭ ላዳ አስቁሞ መከራከር ግድ ነበር፤ ዋጋው በሰዓቱ፣ በዝናቡና በተሳፋሪው አለባበስ ይለዋወጥ ነበር። በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ሃይብሪድ ዲዛይንስ ራይድን ሲጀምር ስማርት ስልክ ያልነበራቸውንም ደንበኞች በ8294 የጥሪ ማዕከል ማስተናገዱ፣ አገልግሎቱ ከመተግበሪያ ተጠቃሚዎች አልፎ እንዲስፋፋ ረድቶታል። ተሳፋሪው ዋጋውን የሚያሰላው አካል ማን እንደሆነ ያውቃል፣ የሹፌሩ ስምና ታርጋ ይመዘገባል፣ በምሽት ብቻዋን የምትሄድ ሴትም ጉዞዋን ለቤተሰቧ ማሳወቅ ትችላለች። እነዚህ ቀላል ጥቅሞች አይደሉም።

ከሹፌሩ በኩል ሲታይ ግን ኮሚሽኑም ሆነ የኪሎ ሜትር ዋጋው የሚወሰነው እሱ በሌለበት ነው፤ ከሥርዓቱ ቢታገድ ይግባኝ የሚልበት ግልጽ ቦታ ማግኘት ያስቸግረዋል። ከከተማው በኩል ደግሞ በየቀኑ የሚካሄዱት ጉዞዎች መረጃ በሙሉ በድርጅቶቹ እጅ ነው ያለው። የትኛው መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ፣ ሰው ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ይህ መረጃ ስምና ስልክ ወጥቶለት ለመንገድ ዕቅድ ቢውል ኖሮ ከታክሲው ያልተሳፈረውም ነዋሪ በተጠቀመ ነበር።

7. አብዛኛው ሰው የሚሳፈረው በሚኒባስና በአውቶቡስ ሆኖ ሳለ፣ መስመሮቻቸው ለምን በስልክ ላይ አይገኙም?

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው ብለን እናምናለን። የጥሪ ታክሲ የሚሳፈር ሰው መኪናው የት እንደደረሰ በካርታ ላይ ያያል፤ ከመገናኛ ወደ ሳሪስ ለመሄድ የተሰለፈ ሰው ግን ሚኒባሱ በአምስት ደቂቃ ይምጣ ወይም በአንድ ሰዓት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መስመሩን የሚያውቀው ረዳቱ ነው፣ ሰልፉን የሚያውቀው ተራ አስከባሪው ነው፤ ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው ደግሞ ሁለቱንም እየጠየቀ ይማራል። በግል ድርጅት ዓይን ሲታይ ለዚህ ተሳፋሪ መተግበሪያ መሥራት ትርፍ አያስገኝም፤ የሕዝብ ተቋም ሊገባበት የሚገባው ለዚህ ነው።

እንደሚቻል ናይሮቢ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ተቋማት ጋር ሆኖ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ማታቱ በተባሉት የከተማዋ ሚኒባሶች እየተሳፈሩ እያንዳንዱን መስመርና ፌርማታ እንዲመዘግቡ አደረገ፤ ውጤቱም እንደ ምድር ባቡር ካርታ በቀለም ተለይቶ ታተመ፣ መረጃውም ማንም እንዲጠቀምበት ክፍት ሆኖ ተለቀቀ። ማታቱዎቹም እንደኛ ሚኒባሶች በግል የተያዙ፣ ቋሚ የሰዓት ሰሌዳ የሌላቸው ነበሩ።

ለአዲስ አበባ ይህ ዓይነቱ ክፍት ሰንጠረዥ ሌላም ጥቅም አለው። ሚኒባሶች ታፔላ እንዲሰቅሉ የሚገደዱት በተመደበላቸው መስመር እንዲሠሩ ቢሆንም፣ በመውጫና በመግቢያ ሰዓት መንገዱን ማቆራረጥ፣ ማለትም አንዱን ጉዞ ሁለት ቦታ ከፍሎ ሁለት ጊዜ ማስከፈል፣ ብዙ ተሳፋሪ የሚያማርርበት ነው። መስመሩ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቦታ፣ ታሪፉም ጭምር በስልክ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢገኝ፣ ተሳፋሪው ከረዳቱ ጋር ሲከራከር በእጁ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የመስመር ድልደላው አስቀድሞም በትራንስፖርት ቢሮው ዘንድ ያለ ነውና የሚጎድለው ይፋ ማድረጉ ነው።

8. ወረዳ ሄደን «ሲስተም የለም» ስንባል ምን ማድረግ እንችላለን?

በየመስኮቱ የሚሰማው ይህ መልስ በጣም የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንዳንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም፤ አንዳንድ ጊዜ በመንገድ ቁፋሮ የፋይበር መስመር ተቆርጧል፤ አንዳንድ ጊዜ በማዕከል ያለው ሰርቨር ተጨናንቋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሲስተሙ እየሠራ ባለሙያው ከወንበሩ የለም፣ ወይም «ጉዳይ የሚያፋጥን» ሰው እስኪመጣ ይጠበቃል። ለተሰለፈው ተገልጋይ አራቱም አንድ ሆነው ይታያሉ፤ ድሮ «ፋይሉ ጠፍቷል» የሚለው ባለሙያ ቢያንስ ፋይሉን ፈልግ ሊባል ይችል ነበር፣ ሲስተምን ግን ማንም ፈልጎ አያመጣውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምኑ ነው የተቋረጠው? ከስንት ሰዓት ጀምሮ?» የሚለው ነው። ጥያቄው በትሕትና ግን በግልጽ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ እውነተኛውን መልስ ያስገኛል፤ መብራት ከሆነ መጠበቅ ይቻላል፣ የማዕከሉ ሰርቨር ከሆነ ግን ሌላ ወረዳ መሄድም አይረዳም። ቀጥሎም ጉዳዩ የጊዜ ገደብ ያለው ከሆነ፣ ለምሳሌ ግብር፣ የንግድ ፈቃድ እድሳት ወይም የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ባዶ እጅን መመለስ አይገባም። በዕለቱ መቅረብዎን የሚገልጽ አጭር ማመልከቻ ጽፈው በመዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፤ ቀንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም ይያዙ። በኋላ መቀጫ ቢጠየቁ ይህ ወረቀት ለአቤቱታዎ ማስረጃ ይሆናል። መዝገብ ቤቱም ሲስተም የለም ካለ የሥራ ሂደቱን ኃላፊ ማነጋገር ነው።

በየጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ የሚለጠፈው የዜጎች ቻርተር እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ደቂቃ ወይም ቀን እንደሚሰጥ ይዘረዝራል፤ ሲስተም ሲቋረጥ ግን ምን እንደሚደረግ የሚናገር ቻርተር ማግኘት ከባድ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የብዙ ተቋማትን መስኮት በአንድ ጣሪያ ሥር ማሰባሰቡ ምልልሱን በእጅጉ ይቀንሳል፤ በዚያው ልክ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ብዙ ጉዳይ በአንድ ጊዜ ይቆማል። ስለዚህ እንዲህ ባለው ማዕከል በወረቀት ተቀብሎ በኋላ የሚያስገባ ተጠባባቂ አሠራር ከሌሎቹ ይልቅ ያስፈልጋል።

9. በአደባባይና በኮሪደር ልማት መንገዶች ላይ የተተከሉት ካሜራዎች የቀረጹትን ማን ያያል?

ካሜራዎቹ ለትራፊክ ቁጥጥርና ለወንጀል መከላከል እንደተተከሉ የከተማው አስተዳደር ይገልጻል፤ ስርቆት ወይም ገጭቶ ማምለጥ ሲፈጸም ያላቸው ጥቅምም የሚካድ አይደለም። በሌላ በኩል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመጠበቅ መብት ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው ምስል ጭምር የሚሰበሰብበት ዓላማ የታወቀና የተወሰነ እንዲሆን፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥና ደኅንነቱ እንዲጠበቅ ይጠይቃል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ ለአገር ደኅንነትና ለወንጀል ምርመራ ልዩ ሁኔታዎችን ስለሚያስቀምጥ ግን ነዋሪው «ምስሌን አሳዩኝ» ባለ ቁጥር ያገኛል ማለት አይደለም።

ሊጠየቅ የሚገባው ትንሹ ነገር በየካሜራው ምሰሶ ላይ የሚለጠፍ አንድ ሰሌዳ ነው፦ ካሜራው የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ፣ ለምን ዓላማ እንደተተከለ፣ ምስሉ ለስንት ቀን እንደሚቀመጥና አቤቱታ በየት ስልክ እንደሚቀርብ የሚገልጽ።

10. ዲጂታል አሠራር ሙስናን ያስቀራል?

አንዱን ዓይነት ይቀንሳል፤ ሌላ ዓይነት ሊፈጥር ይችላል። ክፍያ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ሲቀር፣ ተራ በቁጥር ሲያዝና ማን መቼ ምን እንደወሰነ ሲመዘገብ፣ በመስኮት ላይ የሚጠየቀው ትንሹ እጅ መንሻ ቦታ ያጣል። የሥርዓቱን ቁልፍ የያዙት ጥቂት ሰዎች ግን ከዚያ በፊት የትኛውም የመስኮት ባለሙያ ያልነበረውን ሥልጣን ያገኛሉ።

አዲስ አበባ ይህንን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በገሃድ አይታለች። የ14ኛው ዙር የ20/80 እና የ3ኛው ዙር የ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ከ25 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ቤቶች ሐምሌ 1 ቀን በኮምፒዩተር ሥርዓት ወጣ። ለብዙ ዓመታት ከደመወዛቸው እየቀነሱ የቆጠቡ ሰዎች ስማቸውን ሲፈልጉ ከቆዩ በኋላ፣ በቀናት ውስጥ አስተዳደሩ ወደ ሥርዓቱ የገባው መረጃ ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ብዙ ሰዎችን ያካተተ መሆኑን አስታውቆ ዕጣውን ሰረዘው፤ ከከተማው የቴክኖሎጂ ቢሮ ኃላፊና ባለሙያዎች ጭምር በቁጥጥር ሥር ዋሉ። ዕጣው በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቴክኒካዊ ነው። ዕጣ አውጪው ፕሮግራም ምንም እንከን ባይኖረው እንኳ፣ የሚመገበው ስም ዝርዝር ከተበላሸ ውጤቱ የተበላሸ ነው። ስለዚህ የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ከዕጣው ቀን አስቀድሞ ይፋ ሆኖ ማንም ቆጣቢ ስሙን እንዲያረጋግጥና የማይገባውን እንዲጠቁም መደረግ አለበት፤ ዝርዝሩ ከታሸገ በኋላ አንዲት ፊደል ብትለወጥ የሚያሳብቅ የማረጋገጫ ኮድም በአደባባይ ሊነበብ ይችላል። ፕሮግራሙን የሠራው ክፍልና ትክክለኛነቱን የሚመሰክረው ክፍልም የተለያዩ መሆን አለባቸው። ገንዘብ ያዡና ኦዲተሩ አንድ ሰው እንዳይሆኑ ማንኛውም እድር የሚጠነቀቀውን ያህል መጠንቀቅ ነው።

11. ኔትወርክ ወይም ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ቢቋረጥ ከተማው ምን ይሆናል?

ሁለቱን መለየት ይጠቅማል። ኢንተርኔት ብቻ ሲቋረጥ በኮከብና በመሰላል የሚሠሩት የክፍያ መንገዶች በስልክ ኔትወርኩ ስለሚሄዱ ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ መተግበሪያዎቹ ግን ይቆማሉ። የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ቴሌብርም፣ የነዳጅ ዲጂታል ክፍያም ገና አልነበሩም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ሲታገዱ፣ ዕቃቸውን በቴሌግራም ቻናል የሚሸጡ ነጋዴዎች እገዳውን ወደሚያሳልፈው ቪፒኤን ተሰደዋል። ተመሳሳይ መዘጋት ዛሬ ቢመጣ የሚነካው ሰው ቁጥር ከ2012ቱ ጋር የሚነጻጸር አይሆንም።

የስልክም የባንክም አገልግሎት አብሮ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን የመቀሌ ነዋሪ ያውቀዋል። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ በባንክ ሒሳቡ በቂ ገንዘብ የነበረው ሰው ጭምር እህል መግዣ አጥቷል። ስለዚህ ዲጂታል ክፍያን ግዴታ የሚያደርግ ማንኛውም መመሪያ፣ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ጥሬ ገንዘብ እንዲሠራ የሚፈቅድ አንቀጽ ቢኖረው፣ ኢንተርኔት የመዝጋት ሥልጣንም በሕግ ተወስኖ ለፍርድ ቤት ተጠያቂ ቢሆን ተገቢ ነው። ቤተሰብም ለጥቂት ቀን የሚሆን ጥሬ ገንዘብ በቤት ቢያስቀምጥ ኋላ ቀርነት አይደለም።

12. ሥርዓቱን የሚሠራው የግል ወይም የውጭ ድርጅት ከሆነ፣ የነዋሪው መረጃ የማን ይሆናል?

መልሱ ያለው በውሉ ውስጥ ነው፤ ውሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለነዋሪው አይታይም። የካናዳዋ ቶሮንቶ በዚህ ረገድ ብዙ የተከራከረች ከተማ ናት። የጉግል እህት ኩባንያ የሆነው ሳይድዋክ ላብስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ኪሳይድ የተባለውን የሐይቅ ዳር ሰፈር በሴንሰር የተሞላ አድርጎ ለማልማት ተመረጠ። ነዋሪዎች «በመንገዳችን ላይ የሚሰበሰበውን መረጃ የሚይዘው ማን ነው?» ብለው አጥብቀው ጠየቁ፤ የፕሮጀክቱ የግላዊነት አማካሪ የነበሩት አን ካቮኪያንም መረጃው ከምንጩ ስም አልባ እንደሚሆን ዋስትና ባለማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ለቀቁ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 በኮቪድ የመጣውን የኢኮኖሚ አለመረጋጋት ጠቅሶ ዕቅዱን ተወው።

ሌሎች ከተሞችና አገሮች የተለየ መንገድ መርጠዋል። ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ2016 ዴሲዲም የተባለውን የነዋሪዎች መመካከሪያ መድረክ በክፍት ሶፍትዌር አሠርታ ሌሎች ከተሞችም በነፃ እንዲወስዱት አደረገች። ኤስቶኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የመንግሥት መዝገቦቿን ኤክስሮድ በተባለ መረብ ስታገናኝ፣ ዜጋው መረጃውን የትኛው መሥሪያ ቤት መቼ እንዳየ ራሱ መመልከት እንዲችል አድርጋለች። ለኛ ከሁሉም የሚጠቅመው የኤስቶኒያው ነው፤ ፋይዳ እየተስፋፋ በሄደ መጠን «ቁጥሬን ማን ጠየቀ?» ለሚለው ጥያቄ በስልክ መልስ ማግኘት ለነዋሪው ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ እምነት ይሰጠዋል።

13. ስለ አንድ ዲጂታል አሠራር መረጃ ብጠይቅ መሥሪያ ቤቱ የመስጠት ግዴታ አለበት?

በመርሕ ደረጃ አለበት። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ጠያቂው ለምን እንደፈለገው እንዲያስረዳ አይገደድም። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲሆን፣ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ክልከላ ካለም ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጻል። በመልሱ ያልረካ ሰው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል።

ጥያቄው ጠባብና ግልጽ ቢሆን መልስ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። «ስለ ሲስተሙ አስረዱኝ» ከማለት ይልቅ፣ ሥርዓቱን በጨረታ ያሸነፈው ድርጅት ማን እንደሆነ፣ ውሉ የተፈረመበት ቀንና ዋጋ፣ መረጃው የሚቀመጥበት ቦታና ጊዜ፣ ባለፈው ዓመት አገልግሎቱ ለስንት ሰዓት እንደተቋረጠ በቁጥር ለይቶ መጻፍ ይሻላል። ማመልከቻው እንደ ማንኛውም ጉዳይ በመዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፤ የ30 ቀኑ ቆጠራ መቼ እንደጀመረ የሚያሳየው ያ ማኅተም ነው። ጥያቄው ስለ ራስዎ መረጃ፣ ለምሳሌ በስሕተት ስለተመዘገበ ስም ወይም የትውልድ ዘመን ከሆነ ግን መነሻው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው፤ እርማቱ መጀመሪያ መረጃውን ለያዘው ተቋም ይቀርባል፣ እምቢ ካለም አቤቱታው ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይሄዳል።